በበረዶ አገርና በእኛ ደጋ፤ የሴቶች የ1500 ሜትር እሽቅድምድም

ብርድ በጸናባቸው የአውሮፓ አገሮች ሴቶች ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው በረጋ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ይሽቀዳደማሉ። ከእሽቅድምድሙም አንዱ የ1500 ሜትር ነው፤ በ400 ሜትር ክብ ሜዳ አራት ዙር ሊሞላ ሩብ ይጐድለዋል። ይህ ርቀት በኦሊምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው በበረዶው በ1952 ዓ.ም፥ በእግር ሩጫ ግን ዘግይቶ በ1964 ዓ.ም ነበር።

በባሌ፥ ከሮቤና ከጎባ ወደ አንገቱ በሚወስደው አገር፥ ብርድ እንግዳ አይደለም። ከባሕር ወለል ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በሳነቲ ሜዳ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ሆኖም የመንሸራተቻ ሜዳ የለም። የከፍታ ስስ አየር ተንሸራታቿን ይረዳታል፥ የሚገታት ነፋስ ያንሳልና። ጃፓናዊቷ ሚሆ ታካጊ በ2011 ዓ.ም በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ ከፍታ በ1 ደቂቃ ከ49.83 ሰኮንድ ገብታ የዓለምን ወሰን አሻሽላለች። የእግር ሯጭን ግን ይኸው አየር በውድድር ቀን ያስጨንቃታል፤ ጥቅሙ በዚያ ማደጓ ነው፥ ደሟ አየርን ለመሸከም ይበረታልና።

ለዚህም ምስክሮቹ ባሌን በሚያዋስነው በአርሲ፥ በበቆጂ ያደጉት የዲባባ ልጆች ናቸው። እጅጋየሁ በ1996 ዓ.ም በአቴና በ10000 ሜትር ብር አገኘች፤ ጥሩነሽ በቤጂንግና በለንደን ሦስት ወርቅ ወሰደች። ታናሻቸው ገንዘቤ የ1500 ሜትሩን መረጠች። ሐምሌ 10 ቀን 2007 ዓ.ም በሞናኮ በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰኮንድ ገብታ፥ ቻይናዊቷ ቹ ዩንሺያ 22 ዓመት ያቆየችውን ወሰን ከግማሽ ሰኮንድ ባነሰ ልዩነት ሻረች።

በነሐሴም በዓለም ሻምፒዮና በቤጂንግ አሸነፈች፤ የኬንያዋ ፌይዝ ኪፕየጎን ሁለተኛ ሆነች። በዓመቱ በሪዮ ኦሊምፒክ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ሩጫው በዝግታ ከተጀመረ በኋላ፥ ሁለት ዙር እንኳ ሳይቀር ገንዘቤ ድንገት ተፈተለከች፤ ፌይዝ ግን ተከትላት በመጨረሻው ግማሽ ዙር አለፈቻት፤ ገንዘቤም ብር አገኘች። ቸኰለች የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን በቤጂንግ ድል ያደረገችበት ስልት ይኸው ነበርና ልንነቅፋት አንደፍርም።

ሴት ልጅ ከወለደች ሩጫዋ አበቃ የሚሉ ወላጆችና ባሎች ዛሬም አይታጡም። ጥሩነሽ ግን በ2007 ዓ.ም ወንድ ልጅ ወልዳ፥ በማግሥቱ ዓመት በሪዮ በ10000 ሜትር ናስ ይዛ ተመለሰች። ፌይዝም በ2010 ዓ.ም ሴት ልጅ ወልዳ፥ በቶክዮና በፓሪስ ወርቁን ደገመች፤ የገንዘቤን ወሰን የሻረችውም በ2015 ዓ.ም በፍሎረንስ፥ በ3 ደቂቃ ከ49.11 ሰኮንድ፥ ልጇ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ ነው።