ዕቃው የማይጠፋ መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያ መኪናውን ሊገዛ የተነሳ ሰው ምክር ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ቶዮታ ግዛ፤ ዕቃው አይጠፋም።» መካሪው «አይበላሽም» እንዳላለ ልብ ይሏል። መኪና መበላሸቱ እንደማይቀር ገዢም ሻጭም ያውቃል። ከተማው በረጅም ልምድ ያወጣው መለኪያ ከብልሽቱ በኋላ የሚመጣውን ያያል። መለዋወጫው የት ይገኛል? ስንት ያስወጣል? ማንስ ይገጥመዋል?

በሌላ አገር የሚወጡ የመኪና ደረጃዎች የሚለኩት ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጄ ዲ ፓወር የተባለው ድርጅት ሦስት ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ባለቤቶች ጠይቆ በየ100 መኪናው ስንት ችግር እንደታየ ያሰላል። ስልክን ከመኪናው ጋር ማገናኘት አለመቻልም እንደ አንድ ችግር ይቆጠራል። ለአዲስ መኪና ገዢ ይህ ጥሩ መረጃ ነው። ጃፓን ውስጥ ስትነዳ ኖራ፣ ከዚያ በቦሌና በመርካቶ መካከል ዓመታት ለቆጠረች የቶዮታ ቪትዝ ግን እምብዛም አይጠቅምም። የእኛ አገር ባለቤት መኪናው የሚያስተማምን መሆኑን ለማወቅ ሦስት ነገሮችን መመርመር አለበት፦ አሠራሩን፣ አያያዙንና ጠጋኙን።

አሠራሩ

ቪትዝ ከተማውን የሞላችው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ገበያ ላይ የዋለችው ሁለተኛዋ ትውልድ፣ ባለ 1.0 ሊትሯ፣ ሦስት ፒስተን ብቻ ነው ያላት። ተርቦ የላትም። ውስብስብ ነገር ባነሰ ቁጥር የሚበላሸውም ያንሳል፤ የሰፈር መካኒክም ያለ ልዩ መሣሪያ ሊፈታትና ሊገጥማት ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለ። የሞተር ቫልቮችና ፒስተኖች ተናበው እንዲሠሩ የሚያደርጋቸው በአንዳንዱ ሞተር የጎማ ቺንጋ፣ በሌላው የብረት ሰንሰለት ነው። ቺንጋ ዕድሜ አለው፤ ብዙ አምራቾች በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀየር ያዛሉ። ጊዜው አልፎ መንገድ ላይ ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ይወርዳል። ቪትዝ ሰንሰለት ነው ያላት። ሰንሰለት ንጹሕ ዘይት ካገኘ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ እስካለ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ሲያዩ ከቀለሙ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ቺንጋ ነው ሰንሰለት? ቺንጋ ከሆነ መቼ ተቀየረ? ሻጩ ማስረጃ ከሌለው እንዳልተቀየረ ቆጥረው የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አይመኑ፤ ወደኋላ ሊመለስ ይችላል። የተበላ የፍሬን ፔዳል፣ የሳሳ መሪ፣ የተቀደደ የሾፌር ወንበር ከቆጣሪው ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ። ቦሎ መለጠፉም ዋስትና አይሆንም። ዓመታዊው ምርመራ መኪናው ያን ዕለት ለመንገድ ብቁ መሆኑን ይመሰክራል እንጂ የነገውን አይናገርም።

አያያዙ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በቆዩ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። ከዚያ ወዲህ እጁ ላይ ያለውን መኪና አክብሮ መያዝ ለብዙ ባለቤት ከምርጫ ወደ ግዴታ ተሸጋግሯል።

የአምራቾች የጥገና መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰንጠረዥ አለው፤ አንዱ ለመደበኛ፣ አንዱ ለከባድ አነዳድ። አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ እየቆሙ መሄድ፣ ሞተር ሳይጠፋ ረጅም ጊዜ መቆም በከባዱ ውስጥ ይመደባሉ። የአዲስ አበባ አነዳድ ማለት ይኸው ነው። በመደበኛው በ10,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር የሞተር ዘይት በከባዱ ወደ 5,000 ዝቅ ይላል። መገናኛ ላይ መንገድ ተዘግቶ አንድ ሰዓት ሲቆሙ ቆጣሪው ባይንቀሳቀስም ዘይቱ እየሠራ ነው። ዘይት ሲቀየር የዘይት ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። የአየር ፊልትሮውንም አውጥተው ብርሃን ላይ ይዩት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ዕድሜው አልቋል።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳስቶ ስለሚገኝ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ስለዚህ ትንሽ መኪና እንጦጦን ስትወጣ ብታቃስት የግድ ታማለች ማለት አይደለም። ካንዴላ ከማስቀየርዎ በፊት ይህን ያስታውሱ።

የበለጠ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የሞተር ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ወይም ስፕሪንግ ሲደክም ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ይጎድላል፣ ሞተሩ ይግላል። ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ቴስታታው ይጣመማል። በርካሽ ክዳን የሚጀምር ችግር ሞተር በማውረድ ያበቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስህተቶችን ማንሳት ይገባል። አንደኛው ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ነው። «አገራችን በረዶ የለም፤ ኩላንት ለምኔ?» የሚል ሰው አለ። ኩላንት ግን ከበረዶ መከላከያነቱ ሌላ ዝገትን ይከለክላል፣ የመፍያ ሙቀቱንም ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው የጋለ ሞተር ይቀዘቅዛል ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ተገቢው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል፤ ቶሎም ያረጃል። የጋለበት ትክክለኛ ምክንያትም ተሸፍኖ ይቀራል።

ፍሬንን በተመለከተ ሸራውን የማይረሳ ሰው እንኳ የፍሬን ዘይቱን ይረሳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ በበዛ ቁጥር በቀላሉ ይፈላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ፍሬኑን ያለ ዕረፍት የሚረግጥ ሾፌር ዘይቱ ሲፈላበት ፔዳሉ ባዶ ይሆንበታል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር፣ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ መውረድ።

ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ የታተሙትን የመጨረሻ አራት አኃዞች ያንብቡ። «2319» ካለ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያልተነካ «አዲስ» ጎማ መጋዘን ውስጥ ዓመታት አስቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

ጠጋኙ

መኪና የሚጠገነው ወይ በአምራቹ ወኪል ወይ በሰፈር ጋራዥ ነው። ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው።

ወኪል ማለት አምራቹ በስሙ እንዲሸጥና እንዲጠግን የፈቀደለት ድርጅት ነው፤ ለቶዮታ ሞኤንኮ እንደሆነው። ወኪል የአምራቹን መለዋወጫ፣ የመመርመሪያ ኮምፒውተርና የጥገና መመሪያ ይዟል። በእሱ በኩል ለተገዛ አዲስ መኪና ዋስትናውን የሚያከብረውም እሱ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ወረፋም ሊኖር ይችላል። ባለቤቶች ስለ ወኪል በብዛት የሚያነሱት ቅሬታ የሥራ ጥራት ሳይሆን ጊዜና ክፍያ ነው። ይህን የሚቀንሰው አንድ ልማድ አለ። መኪናዎን ሲያስረክቡ የሚሠራውን ሥራ ዝርዝርና ግምታዊ ዋጋውን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሥራ ሳይደወልልዎ እንዳይጀመር ያሳስቡ።

የሰፈር ጋራዥ ጥቅሙ ሰውየው ነው። መኪናዎን ለዓመታት የሚያውቅ መካኒክ በድምፅዋ ብቻ የቱ ኩሽኔታ እንደሄደ ሊነግርዎ ይችላል። ግን ዕቃ የሚገዙት እርስዎ ነዎት፤ ኃላፊነቱም የእርስዎ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄደው «የቪትዝ የውሃ ፓምፕ» ቢሉ በቂ አይደለም። ቪትዝ በሚል አንድ ስም የተለያየ ሞተር ያላቸው መኪኖች አሉ። የሁለተኛዋ ትውልድ ሻንሲ ቁጥር በ«ኬ ኤስ ፒ 90» ከጀመረ ባለ 1.0 ሊትር፣ በ«ኤስ ሲ ፒ 90» ከጀመረ ባለ 1.3 ሊትር ናት። ሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ገልብጠው፣ ከተቻለም አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ «ኦሪጅናል» ሲልዎ ከመኪናው አምራች የመጣ፣ ጥሩ ስም ያለው ሌላ ፋብሪካ የሠራው ወይስ ከሌላ መኪና ላይ የወለቀ መሆኑን ለይተው ይጠይቁ። ሦስቱም ሊሠሩ ይችላሉ፤ ዋጋቸው ግን አንድ መሆን የለበትም።

መካኒኩ «ይሄ ይቀየር» ሲልዎ «እንዴት አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጎበዝ መካኒክ ያሳይዎታል። የእጅ ዋጋንና የዕቃ ዋጋን ለይተው ይስማሙ፤ የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ይረከቡ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹን የሚጠብቅ ሕግ ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን አቤቱታውን የሚያቆምበት እግር የለውም።

ወኪልን ፈጽሞ መርሳት የማይገባበትም ምክንያት አለ። አምራቾች የፋብሪካ ጉድለት ሲያገኙ መኪናውን ጠርተው በነፃ ያስተካክላሉ። ከእነዚህ ጥሪዎች ትልቁ የጃፓኑ ታካታ የሠራው የኤርባግ ማስነሻ የተጠራበት ነው። ውስጡ ያለው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ተበላሽቶ፣ ኤርባጉ ሲነፋ የብረት ስብርባሪ የሚወረውርበት ጊዜ ነበር። ሰዎችም ሞተውበታል። በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ ማስነሻዎች ተጠርተዋል፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ቪትዝም ከተጠሩት መካከል አለች። ጃፓን ውስጥ ጥሪው ሳይደርሳት ተሸጣ የመጣች መኪና ባለቤት ደብዳቤ አይላክለትም። በሻንሲ ቁጥሩ ወኪሉን ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል።

ኤሌክትሪክ ሲሆን

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ጥያቄው መልኩን ቀይሯል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የለውም። ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ እንጦጦ ላይ ጉልበት አያጣም። የዓባይን ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘው ባትሪውን ይሞላል፤ ባትሪው ከላይ ጀምሮ ሙሉ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም ይቀንሳል። ጎማ፣ አሞርዛቶር፣ የፍሬን ዘይት፣ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽና ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እንደ ድሮው ክትትል ይሻሉ። መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማውን ቶሎ ይበላል።

ከሦስቱ መመርመሪያዎች እዚህ የሚከብደው ጠጋኙ ነው። መንገዳችን ላይ የሚታየው ፎልክስቫገን አይዲ 6 በአምራቹ በይፋ የተሸጠው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ቻይንኛ ነው፤ የቻርጅ መሰኪያውም ጂ ቢ ቲ የተባለው የቻይና ደረጃ ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዋስትናው ግን ብዙ ጊዜ መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር የታሰረ ነው። ሻጩ «ዋስትና አለው» ሲልዎ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ በጽሑፍ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ የሚያከብረው ማን ነው? ባትሪው ቢበላሽ ይቀየራል ወይስ ይጠገናል? የባትሪውን የጤና መጠን የሚያሳይ የምርመራ ውጤት አለ? መልሱ «ችግር የለም» ብቻ ከሆነ ዋስትና የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ቤንዚንም ሆነ ኤሌክትሪክ፣ መኪናውን ከመምረጥዎ በፊት ጠጋኙን ይምረጡ። እሱን ይዘው መኪናውን ይዩ፤ የመለዋወጫውን ዋጋ አስቀድመው ያጣሩ። ከገዙ በኋላ አንድ ደብተር ጓንቲ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ፍሬንና ጎማ የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፉበት፤ ደረሰኞቹንም አብረው ያያይዙ። ቀን መጥቶ ሲሸጡት ገዢው የሚያምነው ያንን ደብተር ነው።