አፉን ያልፈታው ልጅና የሰፈሩ «ሐኪሞች»

«ልጄ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ሆኖታል። ከ‹ማማ› እና ከ‹ባባ› በቀር አንድም ቃል የለውም። ውሃ ሲጠማው እጄን ይዞ ወደ ጓዳ ይጎትተኛል። ስጨነቅ አማቴ ‹ተይው ልጄ፣ አባቱም በሦስት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው። ዛሬ ማን ዝም ያሰኘዋል?› ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ምላሱ ታስሮ ነው፣ አስቆርጪው› ትላለች። ባለቤቴ የእናቱን ቃል ይዞ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹ልጄን በሽተኛ ልታደርጊው ነው?› ብሎ አኮረፈኝ። የማንን ልስማ?»

ይህን የጻፈችልን የ27 ዓመት ወጣት እናት ነች። ኩርፊያው አንድ ነገር ነው፤ ይበርዳል። የልጁ ጊዜ ግን አይጠብቅም።

መቼም አማትየው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ዘግይቶ መናገር በዘር የሚሄድበት ጊዜ አለ። ወንዶች ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ማለታቸውም እውነት ነው። ከዘገዩት መካከልም ብዙዎቹ በኋላ እኩዮቻቸው ላይ ይደርሳሉ። ችግሩ የትኛው ልጅ እንደሚደርስ፣ የትኛው ደግሞ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ዓይቶ የሚለይ አማት እስካሁን አለመወለዱ ነው! ባለሙያዎች ልጅ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው የመጀመሪያዋን ቃል፣ በሁለት ዓመቱ ደግሞ 50 ያህል ቃላትና «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት የሁለት ቃላት ቅንጅት ይጠብቃሉ። ከዚህ ትንሽ ቢያንስ አገር አይፈርስም። በሁለት ዓመት ተኩል ሁለት ቃል ብቻ ሲሆን ግን «ተይው» የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

ከምላስ በፊት ጆሮ

የምላስ ነገር ከተነሳ እንነጋገርበት። ከምላስ ሥር ያለችው ክር አጥራ የያዘችው ልጅ አንዳንድ ፊደሎችን ለማጥራት ሊቸገር ይችል ይሆናል። ቃላት ጨርሶ የማያወጣ ልጅ ግን ምክንያቱ እሷ አይደለችም። ምላስም ሆነ እንጥል በየመንደሩ ማስቆረጥ ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል እንጂ አፍ አይፈታም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ጆሮ ነው። «በር ሲዘጋ ዞር ይላል እኮ፣ ይሰማል» እንዳትሉ። በር የሚሰማ ጆሮ ንግግርን አጥርቶ ላይሰማ ይችላል። እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ድምፆች ቀጭንና ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ጉንፋን ያመላለሰው ልጅ ከጆሮው ታምቡር ኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሞ፣ ምንም ሕመም ሳያሳይ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደሚያዳምጥ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ አንገት በላይ ሐኪም መሄድ ልጁን በሽተኛ ማድረግ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጣቱ ነው። አዎ፣ ጣቱ! እህታችን፣ እጅሽን መጎተቱን ጽፈሽልናል። አውሮፕላን ሲያልፍ ወይም ውሻ ሲያይ በጣቱ ጠቁሞ፣ አንቺም አይተሽ እንደሆነ ለማረጋገጥ ዓይንሽን ያያል? ስሙን ስትጠሪው ዞር ይላል? «ጫማህን አምጣ» ሲባል ይገባዋል? ይህ ሁሉ ካለ ትልቅ ተስፋ ነው። ከሌለ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ላይ የነበሩት ቃላት ከጠፉበት፣ አንድ ሳምንትም ሳትቆዪ ወደ ሕፃናት ሐኪም ሂጂ። ከሚታሰቡት አንዱ ኦቲዝም ነው። ቃሉ አያስደንግጥሽ፤ ዛሬ አገራችን ውስጥም የሚታወቅ ነገር ነው። በውበት ሙያ ይታወቁ የነበሩት፣ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ፣ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት በ2002 (እ.ኤ.አ.) ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፍተዋል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ዕጣው ብዙ ጊዜ በር ተዘግቶበት መዋል ነበር።

ሞግዚቷ ስልክ

እስቲ በሐቅ እንነጋገር። እናት እንጀራ ስትጋግር፣ አባት ኳስ ሲያይ፣ ልጁን የሚይዘው ማነው? ስልኩ! የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም። ከዚያ በላይ ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ቢያንስ ደግሞ ይሻላል ይላል። ስልክ ያወራል እንጂ መልስ አይጠብቅም። ልጅ ንግግር የሚማረው ደግሞ በመመላለስ ነው።

«አማርኛና እንግሊዝኛ ተቀላቅሎበት ነው» የሚሉም አሉ። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን «ቤት ውስጥ አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር ሰምተው ከገዛ ልጃቸው ጋር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያወሩ አይተናል። ሁለት ቋንቋ ንግግር አያዘገይም። የልጁም ቃላት ከሁለቱም ተደምረው ነው የሚቆጠሩት። አፋችሁን በፈታችሁበት ቋንቋ አዋሩት።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ዝቅ ብለሽ ዓይኑ ትይዩ ተቀመጪ። እሱ ያየውን ተከትለሽ ስሙን ጥሪለት። ኳስ ከያዘ «ኳስ»፤ «ኳስ» ማለት ሲጀምር «ትልቅ ኳስ» እያልሽ አንድ ቃል ጨምሪበት። «ወተት ነው ውሃ?» ብለሽ ሁለቱን አሳዪውና ጠብቂ። በሆድሽ እስከ አሥር ቁጠሪ፤ ብዙዎቻችን ሦስት ሳንደርስ እኛው እንመልስለታለን። በጣቱም ቢያሳይ ተቀበዪው፣ ቃሉን አንቺ በይለት። «በል! ‹ውሃ› በል! ካልሆነ አልሰጥህም» እያሉ ማስጨነቅ ግን ልጁን የባሰ ያስጠላዋል። እንግዳ ፊት «እስቲ ተናገርላቸው» ማለትም ያው ነው። ቡና ሲፈላ ደግሞ አጠገብሽ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው፦ ጀበና፣ ሲኒ፣ ፈንዲሻ፣ ትኩስ ነው፣ እፍ እፍ… ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የት ይገኛል?

ባልሽንና እናቱን በተመለከተ፣ «ተሳስታችኋል» ብለሽ አትጀምሪ። አማትሽን «እማዬ፣ እርስዎ ይዝፈኑለት፣ ተረት ይንገሩት፣ እኔ ጆሮውን ላስመርምር» በያቸው። እምቢ የሚሉ አይመስለንም። ባልሽን ደግሞ ቀጠሮው ቀን ይዘሽው ሂጂ፤ ከሐኪሙ አፍ ራሱ ይስማ። ከዚያ በፊት አብራችሁ ልጁ የሚላቸውን ቃላት፣ ግማሽ ቃልም ይሁን፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሲጫወትም በዚያው በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፤ ልጅ ሐኪም ፊት ጭጭ ማለቱ አይቀርምና።