ሴንጢ፦ በኪስ ወይስ በሣጥን?

ሴንጢ ስለቱ በእጀታው ቦይ ውስጥ ታጥፎ የሚገባ፣ በዚህም የተነሣ ሰገባ ሳያስፈልገው በኪስ የሚያዝ ትንሽ ቢላዋ ነው። ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚያያዝበት ሚስማር እንደ ማጠፊያ ሲያገለግል፣ በብዙዎቹ ሴንጢዎች የእጀታ ጀርባ ላይ የሚገኘው ሞላ ደግሞ ስለቱን ሲከፈትም ሆነ ሲዘጋ ተጭኖ ስለሚይዘው እንዲሁ እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ኦፒኔል ባለ እንጨት እጀታውን ሴንጢ መሥራት የጀመረው በ1890 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስዊዘርላንዳዊው ካርል ኤልስነር በ1891 እ.ኤ.አ. ለአገሩ ጦር ሠራዊት ያቀረበው ሴንጢ ዛሬ በየአገሩ ለሚታወቀው ባለ ብዙ ስለት ቀይ ሴንጢ መነሻ ሆኗል። እንዲህ ያሉትን አሮጌ ሴንጢዎች የሚሰበስቡ ሰዎች ስለቱ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሳለውን ከተሳለው አብልጠው ስለሚገዙ፣ ጥሩ ሴንጢ እጁ የገባ ሰው ሁሉ ይሥራበት ወይስ ያስቀምጠው የሚለውን ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል።

በፃግብጂና በሰቆጣ ዙሪያ ባሉት የዋግ ኽምራ አካባቢዎች፣ አርሶ አደሩ ከእርሻው ጎን ለጎን ፍየልና በግ በሚያረባበት አገር፣ ጥያቄው ከገበያ ዋጋ ይልቅ ከውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ገመድ የሚቆረጥበት፣ በትር የሚላጥበት፣ የታረደ ፍየል ቆዳ የሚገፈፍበት ስለት በየቤቱ የግድ ያስፈልጋል፤ ይህንን ሥራ ደግሞ ባለ እጁ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሚያወጣው ቢላዋ ከአያት ከወረደ ሴንጢ ባልተናነሰ፣ አንዳንዴም በተሻለ ሁኔታ ይሠራዋል። ስለዚህ የወረሰው ሰው በመጀመሪያ ሊመረምር የሚገባው ሴንጢው መቁረጥ መቻሉን ሳይሆን ከመቁረጥ ሌላ የሚናገረው ነገር ያለው መሆኑን ነው።

ስለት እንደሚናገር ከሴንጢ ይልቅ በታላቅ ወንድሙ በጎራዴው ላይ በግልጽ ይታያል። ጎራዴ በአንድ በኩል ብቻ የተሳለ ቆልመም ያለ ረጅም ስለት ሲሆን፣ ከእርሱ ይበልጥ እንደ ማጭድ የጎበጠው ሾተል ይባላል። በዐፄ ምኒልክና በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከነበሩት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው በጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ተሠርቶ፣ አንዳንዱም የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ተቀርጾበት የመጣ ነው፤ የከበሩት ደግሞ እጀታቸው ከአውራሪስ ቀንድ ይበጅ ነበር። ኢትዮጵያዊ ተዋጊ ጋሻውን በግራ እጁ ይይዝ ስለነበር ጎራዴውን ይታጠቅ የነበረው በቀኝ ጎኑ በመሆኑ፣ በሰገባው ላይ የሚቀረው የመታከክ ምልክት እንኳ የአያያዙን ልማድ ይመሰክራል። ሰገባውን ያሳደሰና ስለቱን በሞረድ ያስፋቀ ወራሽ ዕቃውን ያስዋበ ቢመስለውም ይህን ምስክርነት አጥፍቶታል፤ የተፋቀ ብረት በምንም ጥበብ አይመለስምና።

በዋግ እንዲህ ያለ ስለት ሊገኝ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ሰቆጣ የዋግ ገዢዎች የሆኑት የዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ከመቅደላው ጦርነት ማግሥት በ1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም ጣልያንን ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. ተሠውተዋል። ከእነዚህ ዘመናት ጋር የሚያያዝና ባለቤቱ የሚታወቅ ስለት፣ ሴንጢም ቢሆን፣ ሽንኩርት ሊከተፍበት አይገባም። በአንጻሩ ፋብሪካ በብዛት ያመረተውን፣ ማንም ከሱቅ የሚገዛውን ሴንጢ በጨርቅ ጠቅልሎ ለልጅ ልጅ ማቆየት ለዕቃው የማይገባውን ክብር መስጠት ነው።

ይሁንና ያልተሠራበት ሁሉ ተጠብቋል ማለት አይደለም። በግድግዳ ላይ በሰገባው ውስጥ ለዓመታት ተሰቅሎ የኖረ ጎራዴ ሲመዘዝ ብዙ ጊዜ ዝጎ የሚገኝበት ምክንያት አለው፤ የሰገባው ቆዳ ሲለፋ የገባበት ጨውና ታኒን የተባለው የዕፅዋት ማልፊያ ንጥረ ነገር ከአየሩ እርጥበት ጋር ሆነው ብረቱን ስለሚበሉት ነው። ስለትን በቅቤ መቀባትም ለጊዜው እርጥበት ቢከላከልም፣ ቅቤው ሲሻግት የሚፈጠረው አሲድ ብረቱን ያቆሽሻል፤ የእጀታውን ናስ ደግሞ አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ልባስ ያለብሰዋል። ለጥበቃ የሚመረጠው በጣም ስስ የማዕድን ዘይት ወይም ሰም ነው፤ የእጅ ላብ ጨው ስላለው ከተቀባ በኋላ ስለቱን በጣት መንካት አይገባም። የብረት ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ አንጻራዊ እርጥበት፣ ማለትም አየሩ መሸከም ከሚችለው ውሃ ውስጥ የያዘው ድርሻ፣ ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ በበጋ ይህ በዋግ ደረቅ አየር በቀላሉ የሚገኝ ሲሆን፣ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በክረምት ነው።

ለሴንጢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሞላው ውጥረት የሚበረታው ስለቱ ግማሽ ላይ ሲቆም በመሆኑ፣ ለማየት ያምራል ተብሎ በከፊል ተከፍቶ የሚቀመጥ ሴንጢ ሞላው እንደ ተወጠረ ይኖራል። ዘግቶ ማስቀመጥና አልፎ አልፎ ከፍቶ ቦዩ ውስጥ የገባውን አቧራ በደረቅ ብሩሽ ማውጣት የተሻለ ነው።

ሥራ ላይ ለማዋል የተወሰነበት ሴንጢም የራሱ ሥርዓት አለው። የማይዝጉ ብረቶች ከመስፋፋታቸው በፊት የተሠሩ ስለቶች ከካርቦን ብረት፣ ማለትም ካርቦን ተጨምሮበት ከጠነከረና በቀላሉ ከሚዝግ ብረት፣ የተሠሩ ስለሆኑ ሎሚና ቲማቲም ሲነካቸው ወዲያው ይጠቁራሉ። ይህ ጥቁረት ከቀዩ ዝገት የተለየ ነው፤ ቀዩ ብረቱን እየሸረፈ ወደ ውስጥ ሲሄድ፣ ጥቁሩ ልባስ ግን ላይ ላዩን ሸፍኖ ስለሚቀር በጥቂቱም ቢሆን ብረቱን ይከላከላል፤ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ ማንጻት ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው። ሲደንዝም በእርጥብ ድንጋይ ቀስ እያሉ መሳል እንጂ በከተማ እንደሚደረገው ለኤሌክትሪክ ሞረድ መስጠት አይገባም፤ ፈጥኖ የሚዞረው ድንጋይ ስለቱን ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያግለው ጫፉ ሰማያዊ ይሆናል፣ አንዴ ሰማያዊ የሆነ ጫፍም ጥንካሬው ስለ ላላ ከዚያ በኋላ ስለት አይዝም።

ሕግም ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ምርጫውን ከባለቤቱ እጅ ያወጣዋል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስ የግለሰቡ ሆኖ እንዲቀጥል ቢፈቅድም፣ ባለይዞታው በራሱ ወጪ እንዲንከባከበው ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። በአያቱ ጎራዴ ላይ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ እገዳ ይጠብቀዋል፤ በመጥፋት ላይ ያሉ እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውራሪስ ቀንድ በድንበር ተሻግሮ ለንግድ እንዳይቀርብ አግዷል።

ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ለቅርስ የማይበቃ ለሱቅ ዕቃም የማይወርድ፣ አንድ አባት በኪሱ ይዞት የኖረ ሴንጢ ግን ይቀራል። ለዚህ መካከለኛው መንገድ በዓመት በዓልና በድግስ ላይ ሥጋ መቁረጫ ብቻ አድርጎ፣ ወዲያው አጥቦና አድርቆ ወደ ሣጥኑ መመለስ ነው። የአባትን ስም በስለቱ ላይ ማስቀረጽ ደግሞ ይቅር፤ ሴንጢው ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ፣ በየትኛው ዓመትና በየትኛው ቀበሌ እንደ ነበረ በወረቀት ተጽፎ በነጭ የጥጥ ክር እጀታው ላይ ቢታሰር ይበቃል።