በቆመ መኪና ውስጥ ቅዝቃዜው ለምን ይደክማል?

በሰመራ ወይም በድሬዳዋ ፀሐይ በጉዞ ላይ ሳለ የመኪናውን ውስጥ በሚገባ ያቀዘቅዝ የነበረ ኤርኮንዲሽነር፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ለብ ያለ አየር ሊነፋ ይችላል። ብዙዎች «ጋዙ አልቋል» ብለው ይደመድማሉ። ይሁን እንጂ ጋዙ ሳይጎድልም ይህ ይከሰታል፤ ምክንያቱንም ፊዚክስ ያስረዳናል።

ኤርኮንዲሽነር ሙቀትን ከመኪናው ውስጥ ወደ ውጭ የሚያጓጉዝ መሣሪያ ነው። ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት ስለማይሄድ ይህ ተግባር ጉልበት ይጠይቃል። በብዙ መኪኖች የሚገኘው አር-134ኤ የተባለው ማቀዝቀዣ በባሕር ወለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። በዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት በተተከለው ኮንደንሰር ውስጥ ሙቀቱን ለውጭ አየር አስረክቦ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል።

በአብዛኞቹ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ኮምፕረሰሩን በቺንጋ የሚያዞረው ሞተሩ ነው። በጉዞ ላይ በደቂቃ 2,500 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሚኒሞ ወደ 800 ገደማ ሲወርድ፣ ኮምፕረሰሩም በዚያው መጠን ይዘገያል፤ በየደቂቃው የሚገፋው ጋዝ ይቀንሳል። በተጨማሪም በጉዞ ጊዜ ኮንደንሰሩን ይመታ የነበረው ነፋስ ቀርቶ ቬንትሌተሩ ብቻውን ይቀራል። ሙቀቱ በሚገባ ካልወጣ በኮንደንሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የኮምፕረሰሩም ሸክም ይከብዳል። ራዲያተሩም በኮንደንሰሩ የሞቀውን አየር ስለሚቀበል፣ ቬንትሌተሩ የደከመ ወይም ውኃው የጎደለ ሞተር ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል። ጤናማ ሞተር ግን ሸክሙን ይችለዋል፤ ዋጋውም ተጨማሪ ነዳጅ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ጭሱ ነው። በውስጡ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገኛል። ይህ ጋዝ ከደም ሂሞግሎቢን ጋር የመጣመር ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ጥቂቱ እንኳ ደም ኦክስጅን እንዳያደርስ ያግዳል። በዝግ ጋራዥ ውስጥ፣ ወይም ከተቀደደ ማርሚታ ጭስ ወደ መኪናው ሲሰርግ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። የውጭ አየር ማስገቢያውን መዝጋትም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ስለዚህ ሞተር አስነስቶ በመኪና ውስጥ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ለረጅም ጊዜ የሚጠባበቅ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ጥላ ሥር ቢያርፍ ነዳጁንም ሕይወቱንም ያተርፋል።