የእስፖርተኛን ምግብ ከድካሙ ጋር ስለ ማስማማት

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ በአጠገቧ ካለው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጋር ስሟ ይነሣል፡፡ ገዳሙ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ካስተማሩበት ጊዜ ጀምሮ የጾምና የትምህርት ቦታ ሆኖ ኖሯል፡፡ በአካባቢው ያለው ሕዝብም፣ ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ፣ ጾሙን አክባሪ ነው፡፡ ከዚሁ አገር የመጣ አንድ ሯጭ ጓደኛችን በዐቢይ ጾም ወራት እንደ ልማዱ ንጋት ላይ እየሮጠ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ይውል ነበር፡፡ ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ጉልበቱ ከዳው፤ አሠልጣኙም «ወይ ጾሙን ወይ ሩጫውን ምረጥ» አለው፡፡ እኛ ግን ይህ ምርጫ ከመቅረቡ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ እንላለን፤ ይኸውም ምግቡና ሰዓቱ ከሥራው ጋር ተስማምተዋልን? የሚለው ነው፡፡

ለብርቱ ሩጫ ዋነኛው ማገዶ ካርቦሃይድሬት ነው፡፡ ሰውነት ይህንን በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል፤ ክምችቱ ግን ውስን ስለ ሆነ በረጅም ልምምድ ያልቃል፤ ካልተተካም በማግሥቱ እግር ይከብዳል፡፡ ስለዚህ በቀን አንድ እስከ ሦስት ሰዓት የሚለማመድ ሯጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ6 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲያገኝ ይመከራል፡፡ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ360 እስከ 600 ግራም ይሆናል፡፡ 500 ግራሙን ከእህል ብቻ ለማግኘት 700 ግራም ያህል ደረቅ ጤፍ ወይም ገብስ ያስፈልጋል ማለት ነው፡፡

ቀላል ልምምድ ለሚሠራ ግን ለኪሎው ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃዋል፡፡ ጡንቻውን ማጎልበት የሚሻው የአጭር ርቀት ሯጭ ወይም ክብደት አንሺ ለፕሮቲን የበለጠ ያስባል፤ ለኪሎው 1.6 ግራም ያህል ቢያገኝ 60 ኪሎ ለሚመዝነው 96 ግራም ይሆናል፡፡ የእግር ኳስ ተጫዋች ደግሞ ለ90 ደቂቃ እየሮጠና እየቆመ ስለሚጫወት፣ ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን እህሉን ጨምሮ፣ በግጥሚያው ዕለት ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ ሊበላ ይገባዋል፡፡ እንግዲህ ለሁሉም እስፖርተኛ የሚሆን አንድ ገበታ የለም፡፡

ለዚህ ሲባል ከውጭ የመጣ ውድ ምግብ መፈለግ ግድ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የታወቁ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን አመጋገብ መዝግቦ፣ ከኃይላቸው 64 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት እንደሚገኝ፣ ምግባቸውም በአብዛኛው የእህልና የአትክልት መሆኑን አሳይቷል፡፡ በሐይቅ ገበያም ጤፍ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ ምስርና ሽምብራ አይጠፉም፡፡ እህል ብቻውን ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ግን ይህንን በብዛት ስለያዘ እንጀራ ከሽሮና ከምስር ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፡፡ በሐይቁ ውስጥ የሚገኘው ቆሮሶም በ100 ግራም ሥጋው 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፡፡ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወዋለን፡፡

ብረት ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ ደም ኦክሲጅን የሚሸከመው በእርሱ ስለ ሆነ ነው፡፡ በእህልና በጥራጥሬ ያለው ብረት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው፡፡ የሊጡ መቡካት ይረዳል፤ ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያም በያዙት ቪታሚን ሲ ያግዛሉ፡፡ ከማዕድ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል፤ ስለዚህ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቢርቅ ይሻላል፡፡ ቪታሚን ቢ12 ደግሞ በእህልና በአትክልት ስለማይገኝ፣ ጾሙ ሲፈታ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ቸል ሊባሉ አይገባም፡፡

አሁን ወደ ጾሙ እንመለስ፡፡ የጓደኛችን ችግር የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ነበር፤ ጡንቻው ምግብ በብርቱ በሚሻበት ሰዓት ባዶውን ይውል ነበርና፡፡ በሚከተለው ዓመት ጾሙን ሳያጓድል ልምምዱን አዛወረ፡፡ በ9 ሰዓት በሶ በስኳርና ውሃ ይወስድና ጥቂት እንጀራ ይበላል፤ በ11 ሰዓት ተኩል ብርቱውን ሩጫ ይሮጣል፤ ከዚያም እራቱን ጠግቦ ይበላል፡፡ ረጅሙን ሩጫ ለቅዳሜና ለእሑድ አደረገው፤ ከቀዳም ስዑር በቀር በእነዚህ ቀኖች እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለምና፡፡ በዚህ ዓመት እስከ ፋሲካ ሮጠ፤ ጾሙንም ፈጸመ፡፡

በረመዳን የሚጾመው ጓደኛው ነገሩ ይከብደዋል፤ ቀን ውሃም አይቀምስምና፡፡ ለእርሱ ቀለል ያለው ልምምድ ከማፍጠሪያው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ብርቱው ደግሞ ካፈጠረ በኋላ ቢሆን፣ በሌሊትም ውሃውን ደጋግሞ ቢጠጣና ሱሑሩን ባያስቀር መልካም ነው፡፡

ስለዚህ አሠልጣኞችና መምህራን እስፖርተኛውን «ምን ትበላለህ?» ብለው ብቻ ሳይሆን «መቼ ትበላለህ? የምትሠራውስ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ በሃይማኖቱና በሩጫው መካከል እንዲመርጥ የሚገደደው ወጣት ቁጥሩ ይቀንሳል ብለን እናምናለን፡፡