እሳት የማያርመው ስህተት፦ ከበግ ሞራ ሳሙና ስለ ማብሰል

በወረኢሉና በዙሪያዋ ባለው ደጋ በግ የማያውቀው ግቢ የለም። ለፋሲካም ለአረፋም ይታረዳል፤ ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ይሸጣል። ሞራው ግን ከዱለትና ከጥብስ የተረፈው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሰው አያገኝም። ከዚህ ትርፍ ሞራ እቤት ውስጥ ልብስም ገላም የሚታጠብበት ሳሙና ይወጣል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን እሳት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ካልተለየ ቆዳ የሚልጥ ሳሙና ይወጣል።

የአገራችን ሰው ከፋብሪካ ሳሙና በፊት እንዶድ ነበረው። ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥና ውሃ ውስጥ ሲመታ አረፋ ይሰጣል፤ ጋቢና ነጠላ ያነጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ይህ ግኝት ቀንድ አውጣ ለሚያዛምተው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ ምርምር መነሻ ሆነ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። የእንዶድ አረፋ የሚመጣው ግን ተክሉ ራሱ ካዘጋጀው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሳሙና በተፈጥሮ ተዘጋጅቶ አይገኝም። ስብና ጠንካራ አልካሊ ተገናኝተው ሁለቱም ማንነታቸውን ሲለቁ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናሉ።

አልካሊውን ከአመድ ማግኘት ይቻላል፤ የዓለም ሕዝብ ለብዙ ዘመን ያደረገውም ይህንኑ ነው። ሆኖም የአመድ ውሃ ደካማ ስለሆነ በኖራ መበርታት አለበት፤ ያም ሆኖ የሚሰጠው ሳሙና ለስላሳና የሚዝለገለግ ነው። በዚህ ደጋ ደግሞ ብዙው ቤት የሚያነደው ኩበት ነው፤ የኩበት አመድ አፈርና አሸዋ ይበዛዋል፣ ለሳሙና የሚፈለገው ፖታሽ ግን ያንሰዋል። ስለዚህ ጠጣር ሳሙና የፈለገ ሰው ኮስቲክ ሶዳ የተባለውን ጠንካራ አልካሊ መግዛት ግድ ይለዋል። ዳቦ የሚነፋው ሶዳ ቦታውን አይተካም።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። ሳሙና ሳይበስልም ይሠራል፤ ስቡንና የሶዳውን ውሃ ለብ እንዳሉ ቀላቅሎ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቅ ነው። ወረኢሉ ላይ ግን ይህ መንገድ እንቅፋት አለው። የበግ ሞራ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መርጋት ይጀምራል፤ ቤቱም ማታ ቀዝቃዛ ነው። ድብልቁ ሳሙና ከመሆኑ በፊት ሞራው ራሱ ይረጋና የወፈረ ይመስላል። ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ያልተነካ ሶዳ የቋጠረ ቁራጭ የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው። ማብሰል ይህን ችግር ያስቀራል፤ ስቡ ቀልጦ ይቆያል፣ በቀናት የሚያልቀውም ለውጥ በሰዓታት ያልቃል።

ከፍታው ደግሞ ባልተጠበቀ መንገድ ይረዳል። ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ ምድጃ ላይ የሚያመሸው ለዚህ ነው። ሳሙና ግን ከ70 እስከ 85 ባለው ሙቀት በደንብ ይበስላል። የሳሙናውን ዕቃ የፈላ ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሙቀቱ ከ91 በላይ እንደማይወጣ ያውቃል፤ ቴርሞሜትር ባይኖረውም አያሳርርም። የሚያስፈልገው ክዳን ነው፤ ውሃው ተንኖ ካለቀ ድብልቁ ይደርቅና ማማሰል ያቅታል።

እሳት የማይሠራው ነገር ግን ይበልጣል። ብዙ ሰው «ረጅም ሰዓት ካበሰልኩት የሶዳው ኃይል ይሞታል» ብሎ ያምናል። አይሞትም። ሶዳ የሚጠፋው የሚያያዘው ስብ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ስቡ አልቆ የተረፈው ሶዳ ቀኑን ሙሉ ቢፈላም እዚያው አለ። 1 ኪሎ የተጣራ ሞራ ሙሉ በሙሉ ወደ ሳሙና ለመለወጥ 140 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። ለጥንቃቄ 5 በመቶ ተቀንሶ 133 ግራም ይደረጋል፤ ውሃው 300 ግራም ገደማ ይበቃል። ለስህተት የተተወው ቦታ እንግዲህ 7 ግራም ብቻ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ከዚህ በላይ ይመዝናል፤ የቅቤ ነጋዴ ሚዛን ደግሞ ይህን ልዩነት አያየውም። 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሶዳውም ክዳኑ የተገጠመ መሆን አለበት፤ ክፍት የቆየ ሶዳ እርጥበት ስቦ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሚዛኑም ያሳስታል።

ዕቃ ምርጫ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በስሙ ነው፤ ብረት ድስት የምንለው ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ሲበላም ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። የማይዝግ ብረት ይሻላል። ሁልጊዜ ሶዳው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ ውሃ ሶዳ ላይ ከፈሰሰ ወደ ሰው ፊት ይፈናጠራል። ድብልቁ ያለ እሳት ራሱ ስለሚግል ደጅ ላይ፣ ሕፃናት በሌሉበት፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ ይሠራ። ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብ ነው፤ ዓይን ከሆነ ደግሞ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ።

ሞራው መጀመሪያ በውሃና በጥቂት ጨው ቀልጦ ይጠለላል፤ ሲቀዘቅዝ ንጹሑ ከላይ ይረጋል። ከዚያ ቀልጦ የሶዳው ውሃ ይጨመርበታል፣ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ይማሰላል፣ ክዳኑ ተደፍቶ ይበስላል። በመካከሉ ሊያብጥና ሊገነፍል ስለሚችል ዕቃው ግማሹ ባዶ ይሁን። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ወፍራም ልቁጥ ሲሆን፣ ላዩም ላይ የሚንሳፈፍ ስብ ከሌለ ደርሷል። ለመፈተን ቅንጣት ወስዶ ማቀዝቀዝና አረፋውን በምላስ ጫፍ መንካት ነው፤ ከቆነጠጠ ሶዳ ተርፎታልና ጥቂት የቀለጠ ሞራ ተጨምሮ እንደገና ይብሰል።

የሞራው ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። የሆድ ዕቃው ሞራ ጠንካራ ሳሙና ይሰጣል፤ የላቱ ስብ ለስለስ ያለ። የኑግ ዘይት ብቻውን ከሆነ ልል ይሆናል፣ ቶሎም ይሸታል፤ ከሞራው ጋር እስከ አንድ አምስተኛ ቢገባ ግን አረፋውን ያለሰልሳል። የበሰለው ሳሙና ሲረጋ ተቆርጦ አንድ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። የመጀመሪያው ምርት ለልብስ ይሁን፤ ሚዛንና እጅ ሲስማሙ ለገላ ይደርሳል። ይህን ሥራ ለመጀመር ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከሽታና ከቀለም በፊት ሚዛን ይግዛ።