ሳሉ ከብርዱ ነው ወይስ ከክኒኑ?

ሱሉልታ ላይ ሰው ሲስል ብርዱ ይወቀሳል። ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ነፋሷ ብርቱ ነውና ነገሩ ያሳምናል። ቡራዩ ላይ የግንባታው አቧራ፣ ሰበታ ላይ የፋብሪካው ጭስ ይነሳል። በየቀኑ የሚዋጠውን የግፊት ክኒን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው።

ኢናላፕሪል በአገራችን ለደም ግፊትና ለልብ ድካም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ኤሲኢ የተባለውን ኢንዛይም ያግዳል፤ ይህ ኢንዛይም ደግሞ የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር እንዲፈጠር የሚያደርግ ነው። ሲታገድ ሥሩ ይላላል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ነገር ግን ይኸው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገርንም ይሰባብር ነበር። ሰባሪው ሲጠፋ ብራዲካይኒኑ በመተንፈሻ አካል ውስጥ ይከማችና የሳል ነርቮችን ይቆሰቁሳል። አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚኮረኩር፣ እንቅልፍ የሚነሳ ደረቅ ሳል ይመጣል። በተለያዩ ጥናቶች ከመቶ ተጠቃሚዎች ከ5 እስከ 35 በሚሆኑት ላይ ታይቷል፤ በሴቶች ላይ ይበዛል።

የሚያሳስተው ጊዜው ነው። አንዱ ክኒኑን በጀመረ ሰሞን ይስላል፣ ሌላው ከወራት በኋላ። ሐኪሞችም ቢሆኑ ወዲያው አልነቁም፤ የዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ቀዳሚ የሆነው ካፕቶፕሪል እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ስለ ሳሉ ብዙ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጉዳዩ በሕክምና መጽሔቶች ጎልቶ የወጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ታዲያ በምን ይጣራል? በዚያው በ1981 ናራንሆ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ካናዳ ውስጥ አሥር ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አሳተመ፤ ዛሬም ይሠራበታል። ጉዳቱ ከመድኃኒቱ በኋላ መጣ ወይ? ከዚህ በፊት በሌሎች ላይ ታይቷል? መድኃኒቱ ሲቆም ቀነሰ? ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል?

በእኛ አገር ከባዱ የመጨረሻው ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይፈልጋል። «ከክኒኑ ነው» ብሎ ነቀርሳውን ያሳደረ ሰው ቤተሰቡንም ያጋልጣል፤ ስለዚህ ምርመራው ይቅደም። ክኒኑን በራስ ውሳኔ ማቆምም አደገኛ ነው፤ ልጓም ያጣ ግፊት ለስትሮክ ይዳርጋል። ሐኪሙ ግን ብራዲካይኒንን በማይነካ መድኃኒት፣ ለምሳሌ በሎሳርታን፣ ሊተካው ይችላል። ጥፋተኛው ክኒኑ ከነበረ ሳሉ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል፤ አልፎ አልፎ እስከ ሦስት ወር ይቆያል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሳሉን ለማስታገስ ሌላ መድኃኒት የሚደረብበት ሰው ነው። አንቲባዮቲክ ይገዛል፣ ሽሮፕ ይገዛል፤ መንስኤው ግን በየጠዋቱ ይዋጣል። ሽሮፑ ኮዴይን ካለበት ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ተጨማሪ ሥጋት አለ። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ዘረመል ትርፍ ቅጂ አላቸው። ይህ ዘረመል ኮዴይንን በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለውጠውን ኢንዛይም ያመርታል። ትርፍ ያለው ሰው ሞርፊኑን በፍጥነትና በብዛት ስለሚያገኝ ለሌላው የሚስማማው መጠን ለእሱ ከባድ እንቅልፍ፣ ሲከፋም የትንፋሽ መዳከም ሊያመጣበት ይችላል። በፈረንጅ አገር የተጻፈ መጠን ለእኛም እንዲሁ ይሠራል ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

በሰፈር ፋርማሲ ክኒን ብዙ ጊዜ ከነካርቶኑ አይሰጥም፤ መግለጫው ወረቀት ቢኖርም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ፤ ወደ ሐኪም ሲሄዱም የሚወስዱትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር ይዘው ይሂዱ። ኢናላፕሪል እየወሰዱ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የተጠረጠረ ጉዳትንም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ያሳውቁ፤ ጥርጣሬው እስኪረጋገጥ መጠበቅ አያስፈልግም።